በሰው ልክ የተሰፋ ቤት

ኮሪያዊው አርቲስት ዶ ሆ ሱ በ1990ዎቹ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ ይኖርበት ከነበረው አፓርታማ ፊት ለፊት የእሳት አደጋ ጣቢያ ነበር። ሳይረኑ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሳው። ለመጨረሻ ጊዜ እንቅልፍ የጠገብኩት የት ነው ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ሴኡል ያለው የወላጆቹ ቤት ትዝ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል፣ ወይም ደላላ ጠርቶ ቤት ይቀይራል። እሱ ግን ያንን ቤት አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። በ1999 ቻለ።

በዚያ ዓመት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የኮሪያ የባህል ማዕከል ያሳየው ሥራ የሐር ቤት ነው። ወርዱም ርዝመቱም ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ በኮሪያ ባህላዊ ልብስ ሰፊዎች ጥበብ የተሰፋ። ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወለል የለውም። ጎብኚው ከሥሩ ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል። ወራጁ፣ በሩ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ ሁሉም በመርፌና በክር የወጡ ናቸው፣ ሁሉም በእውነተኛ መጠናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በታየበት ከተማ ሁሉ ርዕሱ ላይ የከተማው ስም እየተጨመረ ሄደ፦ የሴኡል ቤት፣ የሎስ አንጀለስ ቤት፣ የኒውዮርክ ቤት፣ የባልቲሞር ቤት፣ የለንደን ቤት፣ የሲያትል ቤት። እንደ መንገደኛ ፓስፖርት በየደረሰበት ማኅተም ያርፍበታል።

ነገሩን የሚያወሳስብ አንድ ነገር አለ። ያ የወላጆች ቤት ራሱ ቅጂ ነው። አባቱ የታወቁ የቀለም ሠዓሊ ነበሩ፤ በ1970ዎቹ ቤቱን ያሠሩት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሴኡል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተሠራን አንድ ቤት አስመስለው ነው። ያኛው ደግሞ ቀድሞ ነገር የምሁራንን ቤት አስመስሎ የተሠራ የንጉሣውያን ቤት ነበር። ስለዚህ ሱ ናፈቀኝ ብሎ በሐር የሰፋው ነገር የቅጂ ቅጂ ነው። ናፍቆቱን ግን አልቀነሰበትም። ልጅ ያደገበት ቤት ጥንታዊ ይሁን አይሁን ምን ገዶት? የሚያውቀው በየትኛው ደፍ ላይ እግሩ እንደሚሰናከል ነው።

ስለ መጠለያ፣ ስለ ሰውነትና እንግዳ አገርን ስለ መልመድ የሚሠራው የኢንስታሌሽን ጥበብ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከሥነ ጥበቡ ዓለም ዳር ወደ መሀል ገብቷል። በየቢየናሌው ድንኳን ይተከላል፤ በየሙዚየሙ ሰው የሚገባበት ጎጆ፣ ዋሻ፣ ጎሬ ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተሰደደው ሰው ቁጥር በዝቷል፣ የከተማ ኪራይ ሰማይ ነክቷል፣ ጎብኚውም ስዕል ፊት እጁን አጣምሮ ከመቆም ውስጡ ገብቶ መዞርን ለምዷል። የሥራዎቹ ብዛት ግን የጥራታቸው ምስክር አይደለም። አብዛኛው ስለ «ሰው ልጅ» በጥቅሉ የሚያወራ፣ ማንንም የማይመለከት ነው። ከዚህ ክምር ውስጥ የቆሙትን ስመለከት አንድ ነገር ይጋራሉ ብዬ አምናለሁ፦ ከመሠራታቸው በፊት አንድ የተወሰነ ሰው፣ ወይም አንድ የተወሰነ ሰው የኖረበት ክፍል፣ በሜትር ተለክቷል። ልኩ የማን እንደሆነ መጠየቅ ሥራውን ለመመዘን ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

ሱ የሚለካው ይዞታው ያልሆነን ቤት ነው። ከ1997 ጀምሮ ማንሃተን ውስጥ በምዕራብ 22ኛ ጎዳና ቁጥር 348 ተከራይቶ ኖሯል። በኋላ ይህን አፓርታማ ከነኮሪደሩና ከነደረጃው ብርሃን በሚያሳልፍ ፖሊስተር ጨርቅ ሰፍቶ በቀጭን የብረት ቱቦ ላይ አቆመው። የሐሩ ቤት ላይ አንጋጦ የነበረው ጎብኚ አሁን ይገባል። ጠባቡ ኮሪደር አንድ ሰው ብቻ ስለሚያሳልፍ ከፊት ያለው እስኪያልፍ ይጠበቃል። ፍሪጁ ጨርቅ ነው፣ ምድጃው ጨርቅ ነው፣ የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ፣ ማሞቂያው፣ ሶኬቱ፣ የበር ማጠፊያው ብሎኖች ሳይቀሩ ተሰፍተዋል። በግድግዳው በኩል ወዲያኛው ክፍል ያለው ሰው እንደ ጥላ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ይህ ቤት ብርድ አይመልስም፣ ነፋስ አይከላከልም፣ ገመና አይሸፍንም።

ሱን የሚነቅፉት እዚህ ላይ ነው። ያምራል፣ ግን ምን ይጠቅማል? ሚሊዮኖች ጣሪያ ባጡበት ዘመን እንደ ልብስ የሚታጠፍ ቤት እየሰፉ የግል ናፍቆትን ማሳየት ቅንጦት አይደለም ወይ? በ2025 ለንደን የሚገኘው የቴት ሞደርን ሙዚየም ትልቅ ትርኢቱን ሲያቀርብለት ጎብኚው በቀለማት መተላለፊያዎቹ ውስጥ ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ ሲነሳ ያየ ሰው ነቀፌታው ውኃ የሚቋጥር ሊመስለው ይችላል። በከፊልም እውነት አለው። በዚያ ትርኢት ላይ ከነበሩት ሥራዎች የተለያዩ ከተሞች መተላለፊያዎችን ቀጣጥሎ የሠራው ረጅሙ ዋሻ፣ ለእኔ ከሁሉም ደካማው ነው። ከቀለም ወደ ቀለም ታልፋለህ፣ ደስ ይላል፣ ትወጣለህ። ማንም የኖረበት አይመስልም።

ነቀፌታው የሚስተው ግን ጨርቁ የማይከላከል መሆኑ ራሱ ነገሩ መሆኑን ነው። ስደተኛ ቤቱን በጭንቅላቱ ይዞ ይመጣል፤ ይዞት የመጣው ቤት ግን አያስጠልለውም። ዝናብ ሲመጣ የሚያድነው ያልለመደው፣ ያልወደደው፣ ኪራዩን ሊከፍል የሚንገዳገድበት የባዕድ ክፍል ነው። ሱ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቸው፤ የወደደውንም የተከራየውንም በአንድ ዓይነት መርፌ። ኪራይ ቤት የኖረ ሰው የክፍሉን ጉድለት ከባለቤቱ በላይ ያውቃል። ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያንጠባጥብ፣ በሩ የሚዘጋው ትንሽ ከፍ ሲደረግ እንደሆነ፣ የትኛው ሶኬት እንደማይሠራ። ያ ዕውቀት በውል ላይ አይጻፍም፣ ሲለቅ ካሳ አይከፈልበትም።

ይህ በግልጽ የወጣው የጨርቁ ሥራ ላይ ሳይሆን የወረቀቱ ላይ ነው። በ2010ዎቹ አጋማሽ ያ የኒውዮርክ ቤት ከእጁ ሊወጣ ሲል ሱ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ውስጡን በሙሉ በወረቀት ሸፈነው፤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ እጀታውን፣ የወለሉን ጣውላ። ከዚያ ልጆች ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገው በእርሳስ እንደሚያሹት በባለቀለም እርሳስ ሁሉንም አሹት። ከወረቀቱ ላይ የቀለም ስንጥቁ፣ የቁልፉ ቀዳዳ፣ ለዓመታት እጅ የዳሰሰው ቦታ ብቅ አለ። ሥራው ፈጣን አይደለም። እያንዳንዷን ስንዝር እጅ መሄድ አለባት፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ጉልበት ይደክማል። ፎቶ በአንድ ሰከንድ የሚወስደውን መልክ ሰውነት ቀስ ብሎ ይማረዋል።

ቀደም ብሎም በ2012 በኮሪያዋ ጓንግጁ ከተማ በዚሁ ዘዴ አንድ ያረጀ የቲያትር ቤት ሠራተኞች ማደሪያ ሲያሽ ረዳቶቹ ዓይናቸውን በጨርቅ ታስረው ነበር። ጓንግጁ በ1980 ወታደራዊው መንግሥት ሕዝባዊ አመጽን በደም ያዳፈነባት፣ ጋዜጦች ያዩትን እንዳይጽፉ የታፈኑባት ከተማ ናት። ዓይኑ የታሰረ ሰው ግድግዳውን በጣቱ ብቻ ያነባል። ስለዚያ ዘመን ከተሠሩ ሐውልቶች ይልቅ ይህ ሥራ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም ሳንሱር በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ በሰውነት አሳየ።

ሌላኛው መስመር ከሱ የተለየ ነው፤ የናፈቁትን ቤት የሚሰፋ ሳይሆን ቤት ለሌለው የሚሰፋ። የዋርሶ ተወላጁ ክሺሽቶፍ ቮዲችኮ በ1988 እና 1989 ኒውዮርክ ውስጥ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችን እያማከረ የገበያ ጋሪ የሚመስል፣ ሲዘረጋ የሚተኛበት፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ የሚሰበሰብበት፣ የሾለ የብረት አፍንጫ ያለው ተሽከርካሪ ነደፈ። ፓሪስ የምትኖረው እንግሊዛዊቷ ሉሲ ኦርታ ፋሽን የተማረች ናት፤ ከ1992 ጀምሮ ሲለበስ ጃኬት፣ ሲፈታ ድንኳን የሚሆን ልብስ ሠራች። ሁለቱም ሰውነትንና መጠለያን አንድ ላይ አስጠጉ። ሁለቱም ግን ከመንገድ ይልቅ ፎቶ ላይ ያምራሉ፤ የኦርታ ልብስ በተለይ ከፋሽን መድረክ ብዙም አልራቀም።

ከእነዚህ የተሻለው በ1998 ማይክል ራኮዊትዝ የጀመረው ነው። ራኮዊትዝ አሜሪካዊ ነው፤ የእናቱ ወገኖች ከባግዳድ የወጡ አይሁድ ናቸው። ዮርዳኖስ ሄዶ የበደዊኖች ድንኳን ከነፋስ አቅጣጫ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አየ። ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ሲመለስ ደግሞ ጎዳና ተዳዳሪዎች ከትልልቅ ሕንፃዎች የሚወጣው ሞቃት አየር ሥር ሲያድሩ አስተዋለ። ሁለቱን አገናኛቸው። ከፌስታል፣ ከቆሻሻ መጣያ ላስቲክና ከፕላስተር፣ በአምስት ዶላር ገደማ፣ አፉ የሕንፃው አየር መውጫ ላይ የሚገጠም ድንኳን ሠራ። ሕንፃው ወደ ውጭ የሚጥለው ሙቀት ድንኳኑን ይነፋዋል፣ ውስጡን ያሞቀዋል። ሕንፃው ራሱ ሳያውቅ ያከራያል።

የመጀመሪያውን በጥቁር ላስቲክ ሠራው። የሚያድሩበት ሰዎች አልተቀበሉትም። አርቲስቱ ገመናቸውን ሊሸፍንላቸው አስቦ ነበር፤ እነሱ ግን የሚፈሩት ሌሊት የሚመጣባቸውን ሰው አለማየትን ነው። ማየትም መታየትም ፈለጉ። ስለዚህ ቀጣዮቹ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ተሠሩ። እንግዲህ ይህንን ከሱ ጨርቅ ጋር አስተያዩት። ሙዚየም ውስጥ ግልጽ ግድግዳ ቤትን የማጣት ምልክት ሆኖ ቆመ፤ መንገድ ላይ ግልጽ ግድግዳ በሕይወት ለማደር የተጠየቀ ነገር ነው። አንዱን ዓይነት ግድግዳ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ያሠራው የተለካው ሰው ሁኔታ ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ ከሠራቸው አንዱ ደግሞ በሕግ ልክ የተሰፋ ነው። የከተማው ደንብ ከሦስት ጫማ ተኩል በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለን ነገር ሕገ ወጥ ድንኳን ይለዋል። ራኮዊትዝ ለአንድ ሰው ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ጋደም ብሎ ብቻ የሚገባበት፣ የመኝታ ከረጢት ይሁን ቤት የማይታወቅ ነገር ሠራለት። ፖሊሶች ሊያስነሱት መጡ፣ ሜትር አውጥተው ለኩት፣ ከወሰኑ በታች ሆኖ አገኙት፣ ሄዱ። የከተማ ፕላን፣ የፖሊስ ሥራና የአንድ ሰው የጀርባ ርዝመት በአንድ ሜትር ላይ ተገናኙ። ስለ መጠለያ ፖለቲካ ከዚህ የጠበበ፣ ከዚህም የሰፋ ማብራሪያ አላውቅም።

ራኮዊትዝ ይህ ለቤት አልባነት መፍትሔ ነው አላለም። ሥራው መኖር የሚገባው ችግሩ እስካለ ድረስ ነው ባይ ነው። ነገር ግን ሙዚየም እንዲህ ያለውን ነገር እንዲጠፋ አይተወውም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ ከድንኳኖቹ አንዱን ስብስቡ ውስጥ አስገብቷል። ይህን ብቻውን እንደ ኃጢአት አላየውም፤ የጥበብ ሥራ ሙዚየም መግባቱ ያለ ነው። አስቸጋሪው ጉዳይ የተገላቢጦሹ ነው፤ ለጥበብ ያልተሠራ መጠለያ ጥበብ ሆኖ ሲቀርብ።

ያ ደግሞ በእኛ ደጅ ያለፈ ታሪክ ነው። የስዊድን ነዳፊዎች በአይኪያ ፋውንዴሽን ገንዘብና ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር ሆነው የሠሩት ተገጣጣሚ የስደተኛ ቤት በ2013 ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ዶሎ አዶ ነው፤ የሶማሊያ ስደተኞች ካምፕ። ቤቱ በሁለት ካርቶን ታሽጎ ይመጣል፣ አራት ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ይገጣጥሙታል፣ 17.5 ካሬ ሜትር ነው፣ አምስት ሰው ይይዛል፣ የሚቆለፍ በር፣ መስኮትና በፀሐይ የሚሠራ መብራት አለው። ከሸራ ድንኳን ጋር ሲወዳደር ትልቅ እርምጃ ነው፤ በተለይ የሚቆለፈው በር። ሌሊት የምትፈራ ሴት የበር ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አትፈልግም።

በ2016 ይኸው ቤት ሞማ ውስጥ ስለ መፈናቀልና መጠለያ በተዘጋጀ ትርኢት ላይ ቆመ። በለንደን የንድፍ ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ንድፍ ተብሎም ተሸለመ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን በ2015 መጨረሻ የዙሪክ ከተማ ለጥገኝነት ጠያቂዎች ገዝታቸው የነበሩትን በእሳት ሙከራ ስላላለፉ ሳትጠቀምባቸው ቀርታ ነበር። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ተሸላሚም ተጥሎ የቀረም ሆነ። እኔ ንድፉን ለማጣጣል አልፈልግም፤ በአሸዋ አውሎ ነፋስ ሥር ላለ ሰው ጠንካራ ግድግዳ ግድግዳ ነው። ቅሬታዬ ሙዚየሙ ላይ ነው። 17.5 ካሬ ሜትር የማንም ልክ አይደለም፤ በአማካይ የተሰላ፣ ለአምስት ሰው የተካፈለ ቁጥር ነው። ሶማሊያዊቷ እናት ምድጃዋን የት እንደምትጎልት፣ እንግዳ መጥቶ ወንዱ ከሴቱ ተለይቶ ሲቀመጥ መጋረጃው ከየት እስከ የት እንደሚዘረጋ፣ ፍየሏ የት እንደምትታሰር የሚያሳይ ነገር ባዶው የሙዚየም ወለል ላይ በቆመው ሳጥን ላይ አይታይም። ካምፕ ውስጥ እነዚህን ሁሉ የሚጨምረው ነዋሪው ነው፤ ኒውዮርክ ላይ የቀረበው ግን ነዋሪ የሌለው ነው። ሱ ቢሆን የሚለካው የተጨመረውን ነበር።

እስራኤል ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህ ባዕድ ወሬ አይደለም። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከገቡት ብዙዎች ለዓመታት የኖሩት ካራቫን ሰፈሮች ውስጥ ነው፤ በተሽከርካሪ ቤት ውስጥ። ያ ሰፈር ቢያንስ በአንድ አርቲስት እጅ፣ በደረጃው ቁመትና በበሩ ስፋት ተለክቶ ቢቀመጥ ምን ያህል ነገር ይናገር ነበር።

ሰውነትንና መጠለያን አንድ ላይ የሚያስጠጋውን የጥበብ መስመር አመጣጥ የሚፈልግ ሰው ወደ ብራዚል መሄድ አለበት፣ ግን እዚያ ብዙ አልቆይም። በ1968 ሊጂያ ክላርክ ስምንት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጎብኚው በጨለማ እየተንፏቀቀ በፊኛና በላስቲክ መካከል ከፅንስ እስከ ውልደት ያለውን መንገድ የሚያልፍበት ሥራ ሠርታ ቤት ሰውነት ነው አለች። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ከሷ በኋላ የመጡት በሙሉ የሷ ባለዕዳዎች ናቸው። ግን ስለ ሰውነት በጥቅሉ ስለሆነ ዛሬ የታሪክ ክብር እንጂ ድንጋጤ አይፈጥርም።

አብሳሎን ግን ሌላ ነው። እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ተወልዶ በ1987 ፓሪስ የገባ፣ በ1993 በ28 ዓመቱ የሞተ ወጣት አርቲስት ነው። ስድስት ነጭ ቤቶች ነደፈ፤ ለፓሪስ፣ ለዙሪክ፣ ለኒውዮርክ፣ ለቴል አቪቭ፣ ለፍራንክፈርትና ለቶኪዮ። እያንዳንዷ ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ናት፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መታጠቢያው በገዛ ሰውነቱ ልክ ተቀርጸዋል። እውነተኛ ዓላማው እየተዘዋወረ ሊኖርባቸው ነበር። እንግዳ አገር ገብቶ ራሱን ከአገሩ ጋር ለማስማማት ሳይሆን በየአገሩ ለራሱ ብቻ የምትበቃ ነጭ ጎሬ ሊተክል። ሌላ ሰው ገብቶ ልቀመጥ ቢል ጉልበቱ ይጋጫል፣ ትከሻው ይላተማል። ሥራው ጨካኝ ነው፣ የሚስበኝም ለዚያ ነው። መልመድን እንደ ግዴታ አልተቀበለም፤ ዓለምን ወደ ራሱ ልክ ጎተተ። ቤቶቹ ለአንድ ሰው ብቻ መለካታቸው ደግሞ የዚያ ምርጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ይናገራል።

መልመድን በቀጥታ በሰውነት ላይ የሚያሳየው ግን እንደገና ሱ ነው፤ በጨርቅ ሳይሆን በእውነተኛ ቤት። በ2012 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ፣ በምህንድስና ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ፣ ከነጓሮ አትክልቱ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቤት ተከለ። ከላይ ወድቃ ጠርዙ ላይ የተሰካች ትመስላለች፤ ግማሿ አየር ላይ ነው። ከታች ሲያዩዋት ቀልድ ናት። ሲገቡባት ግን ወለሉ ያዘነበለ ነው፤ ግድግዳውም፣ ምድጃውም፣ መደርደሪያውም አብረው አዘንብለዋል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዓይን አንድ ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ ሌላ ይላል። ብዙ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ትንሽ ሲቆይ ሰውነት ይለምዳል፣ መራመድ ይጀምራል። ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ጠፍጣፋው ጣሪያ ያዘነበለ ይመስለዋል። በባዕድ አገር የመጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያም ወደ አገር ቤት የመመለሻው ሳምንት፣ ሁለቱም በዚያች ክፍል ውስጥ አሉ። ማንም ምንም አላስረዳም፤ የሠራው የወለሉ ዝንባሌ ነው።

ከሳንዲያጎው በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ የቀረበው ጠንካራ ሥራ በ2024 የሠራው «ፍጹም ቤት» ነው። አሁን ከነቤተሰቡ የሚኖርበትን የለንደን ቤት ገጽታ ቀለም በሌለው ስስ ጨርቅ ሰፋ። ውስጡ ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት ከኖረባቸው ቤቶች፣ ከሴኡል፣ ከፕሮቪደንስ፣ ከበርሊን፣ ከኒውዮርክ የመጡ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያዎችን፣ ሶኬቶችን፣ የበር እጀታዎችን በየቀለማቸው ሰፍቶ ሰቀለ፤ እያንዳንዷ በቀድሞ ቤቷ በነበረችበት ከፍታ። አንድ ግድግዳ ላይ ብዙ ማብሪያ አለ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። አገር የቀየረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሪያድም ይሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጨለማ ውስጥ እጅ የሚሄደው የድሮው ማብሪያ ወደነበረበት ነው፤ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ ባዶ ነው። አእምሮ አድራሻውን ከለወጠ ቆይቷል፣ እጅ ግን ገና አልሰማም። ሱ ያንን የሁለት ሰከንድ ዳበሳ መለካት ቻለ። ስለ ስደት የተጻፈው ብዙው ነገር የሚዘለው እንዲህ ያለውን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሱ የማልስማማበትን ልናገር። ቤቶቹ ንጹሕ ናቸው። አልጋው ላይ ብርድ ልብስ የለም፣ ወለሉ ላይ ጫማ የለም፣ ምድጃው ላይ የተረሳ ድስት የለም። ጎረቤትም የለም። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ብቻውን የኖረበት ይመስላል፤ ቤት ግን የሚለመደው ከክፍሉ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከላይ ከሚረግጠው፣ ከጎን ከሚስለው፣ ቡና ሲፈላ ከሚጠራው ጋር ነው። ለብቸኛ ተከራይ የሠራው መርፌ ለሠፈር ይሠራል ወይ የሚለው ገና ያልተመለሰ ነው።

ጥያቄው ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተማዋ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛውሯል፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳን የመሳሰሉ የቆዩ ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። በእርሳስና በወረቀት የሚሠራው የሱ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ፈቃድና ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ችግሩ ሁለተኛው ነው። ሱ አፓርታማውን ለማሸት ጊዜ ነበረው፤ ፒያሳ የነበረ ሰው ዕቃውን ለማውጣት ቀናት ቢያገኝ ነው።

ሆኖም የፈረሰው ቢያልፍም የተገባበት አለ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ የገነቡት ዞማ ሙዚየም ቤት ራሱ የጥበብ ሥራ ሊሆን እንደሚችል በጭቃና በጭድ አሳይቷል፤ ያኛው ግን በፍቅር የተመረጠ ቤት ነው። በዕጣ የደረሰ ቤት ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ ሰው እንጀራ የሚጋግርበት፣ በግ የሚያርድበት፣ እህል የሚያሰጣበት የጋራ ሕንፃ ከጎኑ ታስቦ ነበር። ነዋሪው ብዙ ቦታ እሱን ትቶ በረንዳውንና ኮሪደሩን ወሰደ። ምጣዱ በረንዳ ላይ ወጣ፣ በጉ ደረጃ ላይ ታሰረ፣ የለቅሶው ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፤ የዕድሩ ድንኳን ርዝመት ከመኪና ማቆሚያው ስፋት ጋር ስለማይገጥም ገመዱ ከሰው መስኮት ፍርግርግ ይታሰራል። ያች ገመድ የታሰረችበት ከፍታ፣ ውኃ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያወጣው ሰው ትንፋሽ ለመሰብሰብ የሚቆምበት ደረጃ ቁጥር፣ ምጣዱ በረንዳው ላይ ጭሱን ከጎረቤት ለማራቅ የተገፋበት ማዕዘን፣ ሁሉም በሜትር የሚለኩ ናቸው። ጋለሪዎቻችን ስለ ከተማው ለውጥ የሚያሳዩት ግን አሁንም አብዛኛውን ጊዜ የፈረሰ ግድግዳ ስዕል ነው።